የዝንብ ክር እንዴት ይታጠባል?

አዳማ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው የእህቴ ልጅ ኢሊያስ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አክስትህ ዘውድነሽ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ መድኃኔዓለም ይመስገን። ያለህበት አገር ብርዱ እንዳይጎዳህ፣ ሰው ፊት ሞገስ እንዲሰጥህ፣ ጠዋት ጠዋት ስምህን ሳልጠራ ከቤት አልወጣም።

ስልክ ለእኔ እንደማይሆን ታውቃለህ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማሽኑ ሲጮህብኝ ኖሮ፣ ጡረታ ስወጣ ጆሮዬን እዚያው ትቼው ወጣሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ልጄ ኢፋ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዱከም ፋብሪካው ይመጣል፤ እኔም እሑድን ከላንጋኖ መጥቼ ከእሱ ጋር እውላለሁ። አንተ የምትጽፈውን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ይሰጠኛል፤ የስልክ ፊደል ለዓይኔ ደቀቀብኝ።

ከላንጋኖ ማለቴ ገርሞህ ይሆናል። ሥራ አገኘሁ ልጄ! ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪሩ ይባላል፤ የሟቹ ባለቤቴ የአገር ልጅ ነው። ስገባ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ» ብሎ ተቀበለኝና «ዘውድነሽ፣ ክር ታውቂያለሽ አሉ» አለኝ። «ክርማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል!» አልኩት። ወደ ዕቃ ቤት ወስዶ ስምንት ማጠንጠኛ አሳየኝ። «እነዚህ የዝንብ ክሮች ናቸው። አጥበሽ፣ ፈትተሽ፣ ለጥምቀት እንግዶች ታደርሺልኛለሽ» አለኝ።

ዝንብ ማጥመጃ መሰለኝ። «ለዝንብማ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጋረጃ ብትሰቅሉ አይበቃም?» አልኩት። ሰውዬው ግድግዳ ደግፎ ሳቀ። ለካ ዝንቧ የውሸት ናት፤ ከላባ ተሠርታ መንጠቆው ላይ ትታሰራለች፤ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳታል። ከባዱ ክር ነው ዝንቧን ወደ ሩቅ የሚወረውራት። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹ እስካሁን አልገባኝም።

ክሩም የማውቀው ዓይነት ክር አይደለም። ወፍራም ነው፣ ላዩ እንደ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ግን የተጎነጎነ ነው። ሠላሳ ሜትር ይሆናል። የላንጋኖ ውሃ ጭቃ ደርቆበት እጅ ላይ ይጣበቃል። ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ፈረንጅ ነው አሉ የተገዛው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ለአቶ ኪሩ «የእህቴ የአማረች ልጅ ኖርዌይ ወንዝ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነው፤ እሱን ጠይቄ እሠራዋለሁ» ብዬዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራውን የሰጠኝ ላንተ ስም ብሎ ነው። እናትህ በሕይወት ብትኖር ምን ያህል ትኮራ ነበር! እና ይህ ክር በምን ይታጠባል? ገንዘብ አልፈልግም፤ ምክር ብቻ ጻፍልኝ።

ኢፋ «እኔም አንድ ቀን እሱ ጋ ነኝ» ይልሃል። ሰላም ብሎሃል።

አክስትህ ዘውድነሽ


ኖርዌይ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ወይዘሮ ዘውድነሽ፤

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ እያልኩ ከሩቅ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ሥራ በማግኘትዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ስለጠየቁኝ ነገር፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው። ውሃው በደንብ የፈላ ይሁን። የዱቄት ሳሙና በብዛት ይበትኑበት። እድፉ የቆየ ከሆነ አንድ ክዳን በረኪና ይጨምሩ። ሃያ ደቂቃ ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ ሁለቴ ያለቅልቁት፣ ጨምቀው ጥሩ ፀሐይ ላይ ያስጡት። ፀሐይ ከሁሉ በላይ ያነጣል። ይህን ካደረጉ እንደ አዲስ ይሆናል፤ አይስጉ።

የእናቴ መቃብር እንዴት ነው? ዙሪያውን የተተከለው ጽድ ያዘ ወይ? ለኢፋ ሰላም ይበሉልኝ። እዚህ ብርዱ ከባድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል ይበሉት።

ልጅዎ ኢሊያስ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ኢሊያስ፤

ደህንነትህ ደህንነቴ ነው። የእናትህ ጽድ ይዟል፤ ባለፈው እሑድ ውሃ አጠጥቼዋለሁ።

ልጄ፣ ግራ ገብቶኛል። ያልከኝን አንድ በአንድ አደረግሁ። ደግነቱ በአንዱ ክር ብቻ ነው የጀመርኩት፤ በጣም በቆሸሸው። ከፈላው ውሃ ውስጥ ስጨምረው ውሃው ብርቱካንማ ሆነ። እድፉ ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ፤ ለካ የለቀቀው ቀለሙ ነው። አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት ልሰበስበው ስሄድ እንደ ማካሮኒ ደርቆ ጠበቀኝ። ጎንበስ ሳደርገው ላዩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በየጣቱ ልክ ተሰነጣጥቋል።

አቶ ኪሩ ወስዶ ሐይቁ ላይ ወረወረው። የፊተኛው ጫፍ ሰጠመ። መስጠም የለበትም አሉ፤ ዝንቧን ይዞ መንሳፈፍ ነው ያለበት። ፊቱ ጠቆረ። «የእህትሽ ልጅ እንዲህ ነው ያለሽ?» አለኝ። ከንፈሩን አይቼ ነው የገባኝ፤ ያልሰማሁ መስዬ ልቀር ፈልጌ ነበር። «እሱማ በትክክል ጽፎልኛል፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት። ዋሸሁ። የዋሸሁት ላንተ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

ሌላም አለ። የቀሩትን ሰባቱን ሳላጥብ ሳፋ ውስጥ ሞከርኳቸው። አምስቱ ይንሳፈፋሉ፤ ሁለቱ ምንም ሳልነካቸው ቁልቁል ይወርዳሉ። እነሱን ማን አበላሻቸው? ደግሞስ በረኪና ያልከኝ በእርግጥ በረኪና ነው? ወይስ እዚያ አገር በረኪና የሚባል ሌላ ነገር አለ? ውሃው ፍል መሆኑስ?

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አትቀየመኝና፣ ዓሣ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ኢፋ የዱከሙን ሥራ ለቀቀ። ደላላ አግኝቷል አሉ። መንገዱ በየት እንደሆነ ስጠይቀው ፊቱን ያዞራል፤ ፊቱን ሲያዞር ደግሞ ምን እንደሚል አላውቅም። «ኢሊያስ ዕቃ ክፍል ውስጥ ያስገባኛል» ይላል። እንዲህ ብለኸዋል እንዴ? ብለኸውም ከሆነ ንገረኝ፤ ሳትለው ቀርተህም ከሆነ ንገረኝ።

አክስትህ ዘውድነሽ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢሊያስ ልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። መልስህ አልመጣም። ኢፋ «ስልኩ ላይ ሁለቱ ምልክት በርቷል፣ አንብቦታል» ይለኛል። ታመህ ይሆን?

እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ሰባቱን ክሮች ልንካ ብል ይሰነጠቁብኛል፣ ልተው ብል ቀኑ ደረሰ። አቶ ኪሩ ጥር 4 እሑድ ሐይቁ ላይ ሊሞክራቸው ነው። የተሰነጠቀውን አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ኢፋ ደግሞ ቀን ቆርጧል። ጥር 5 ሰኞ ማለዳ ነው። ቦርሳ ገዛ። አጥብቄ ብናገረው «እማዬ፣ እሱ ሲሄድ ማን ከለከለው?» ይለኛል።

አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

ዘውድነሽ


ኖርዌይ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዘውድነሽ፤

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረስዎ። አልታመምኩም። የታመምኩ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ኢፋ፣ ይህን ከእናትህ በፊት እንደምታነበው አውቃለሁ። ዝም ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ግን አንብበው።

አክስቴ፣ እኔ የዓሣ ማጥመጃ ክር በእጄ ይዤ አላውቅም። ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። ከሆቴሉ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንሶላና ፎጣ ሳጥብ ኖሬያለሁ። የጻፍኩልዎ የአንሶላ እጥበት ነው። ፍል ውሃ፣ ዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፤ እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው። ክርም ከአንሶላ ብዙ አይለይም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አላውቅም ማለት አፍሬ ያንን ክር አበላሸሁብዎ፤ በእንጀራዎም ቀለድኩ።

እንዴት እንደተጀመረ ልንገርዎ። ምድር ቤቱ ውስጥ ትንሽ መስኮት አለች። በእሷ በኩል እንግዶቹ ዘንግ ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ እግራቸው ይታየኛል። ገና በገባሁ ሰሞን እናቴ ደውላ «ምን ላይ ሥራ ያዝክ?» አለችኝ። እነዚያን እግሮች እያየሁ ነበር። «ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ክፍል ነኝ» አልኳት። በሚቀጥለው ስትደውል «ኃላፊው!» ብላ ጠራችኝ። ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ከዚያ ሞተች፤ ለማን ልመልሰው?

ኢፋንም ባለፈው ክረምት ሲደውልልኝ «ና፣ እዚህ ዓሣው ሞልቷል» ብዬዋለሁ። በቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑን ግን አልነገርኩትም። ኢፋ፣ የማስገባህ ዕቃ ክፍል የለኝም። እኔ በመጣሁበት መንገድ አብረውኝ ከተነሱት ውስጥ ሁለቱን ከመንገድ በኋላ አላየኋቸውም። ይህንንም ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ፣ እኔ ትሄዳለህ አትሄድም ልልህ አልችልም፤ እኔን አምነህ ግን አትምጣ።

አሁን ስለ ክሩ። የመጨረሻ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወደ ላይ ወጣሁ። የዕቃ ክፍሉን የሚጠብቀው አንድ ሽማግሌ ነው፤ ሦስት ዓመት በበሩ ሳልፍ ሰላም ብዬው አላውቅም። በብርዱ ወራት ቁጭ ብሎ የዓመቱን ክር ያጥባል።

«ምን ጎደለህ?» አለኝ።

«የዝንብ ክር ማጠብ ልታስተምረኝ ትችላለህ?»

«አንተ የአንሶላው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ» አልኩት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። በረኪና ስል መነጽሩን አወለቀ። «ማነው እንዲህ ብሎ ያዘዘው?» አለ። «እኔ» አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ወንበር ሳበልኝ። ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ አብሬው ተቀመጥኩ፤ የምጽፍልዎን ሁሉ በእጄ ሠርቼ አይቻለሁ።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ክርንዎን ሲያስገቡበት የማይቀዘቅዝ፣ የማያቃጥል። የዱቄት ሳሙና በፍጹም አይንካው። የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ለስላሳ ሳሙና ትንሽ ብቻ ይበቃል። ክሩን በሰፊው እየጠቀለሉ ሳፋው ውስጥ ያስገቡት፤ እንዳይወሳሰብ ያስገቡበትን ቅደም ተከተል ይጠብቁ። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ በሁለት ጣትዎ ያጥፉና ክሩን በመሐሉ እየሳቡ ይጥረጉት። ጨርቁ ሲጠቁር ያዙሩት፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙት። በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሳሙና ከቀረበት ይሰጥማል። የሚደርቀው ጥላ ሥር ነው እንጂ ፀሐይ ላይ አይደለም። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ጠላቶቹ ናቸው፤ እንግዶቹ ቅባት ተቀብተው ሳይታጠቡ እንዳይነኩት።

በመጨረሻ፣ ክሩ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ከቆየ የተጠቀለለበትን ቅርጽ አይለቅም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ቀስ ብሎ ይወጥረውና ጥቂት ይቆይ። ከዚያ ይስተካከላል።

ሁለቱ የሚሰጥሙት አልተበላሹም። እንዲሰጥሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ታች ለሚኖር ዓሣ። የተሰነጠቀው ግን አይድንም፤ ሽማግሌውን ሁለቴ ጠየቅሁት። ለአቶ ኪሩ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ይንገሩት። ስሜን አያድኑ።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፌ አልደፈረም።

ኢሊያስ


ላንጋኖ፣ ሰኞ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢሊያስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ዓርብ ዕለት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ኢፋ ነው። ከአዳማ ላንጋኖ ድረስ በሚኒባስ መጥቶ አያውቅም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎታል። «አንብቢው» አለኝና ደፉ ላይ ተቀመጠ። እኔ እስክጨርስ ቀና ብሎ አላየኝም።

ምን ልበልህ? በመጀመሪያ ተናደድኩ። እህቴ አፈር ውስጥ ሆና «ኃላፊው» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ እኔ ያንን ክር እንደ አንሶላ ጨምቄ አጥር ላይ ሰቅዬዋለሁ! ከዚያ እነዚያ ሁለት የመንገድ ጓደኞችህ ጋ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። ልራገምህ ወይስ ልመርቅህ አላወቅሁም፤ እስካሁንም አላወቅሁም። ሁለቱም ናቸው መሰለኝ።

ኢፋን «እና?» አልኩት።

«አንሶላ ነው የሚያጥበው» አለ። ቦርሳውን ይዞ ነው የመጣው። ወደ መንገድ ይሁን ወደ እኔ፣ አልለየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። ውሃውን በክርኔ ለካሁ። ጨርቁ በመጀመሪያው ስቦሽ ቡና መሰለ፤ በአምስተኛው ነጭ ወጣ። ክሩ ከጭቃው ሥር ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ የበቆሎ ቅጠል ቀለም። ልጄ፣ እጄ ፋብሪካ ትዝ አለው። ሃያ ሰባት ዓመት ክር በጣቴ መካከል ሲያልፍ ቋጠሮውን ሳላይ የማውቅ ሰው ነበርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ትንሽ ስንጥቅ በጣቴ አገኘሁ፤ ሌላ ሰው አያገኛትም ነበር። ለይቼ አስቀመጥኩት።

የመወጠሩ ነገር ብቻዬን አልሆን አለኝ። ኢፋን ጠራሁት። አንዱን ጫፍ ይዞ በግራሮቹ መካከል እየራቀ ሄደ፤ ሠላሳ ሜትር ብዙ ነው። ከዚያ ቀስ ብለን ሳብነው። ጥቅልሉ እየተፈታ ሲሄድ በመዳፌ ተሰማኝ። እሱ ከዚያኛው ጫፍ አንድ ነገር ተናገረ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ረዘም ያለ ነገር ነው። «ምን አልክ?» ብዬ ጮህኩ። ራሱን ነቀነቀ። መሄዱን ይሁን መቅረቱን ነግሮኝ ይሆናል፤ ስለ ክሩም ብቻ ይሆናል። ሰባቱንም እንዲያ ወጠርናቸው።

ትናንት አቶ ኪሩ ሞከራቸው። አምስቱ ውሃው ላይ እንደ መስመር ተጋደሙ። ሁለቱ ሲወርዱ ደነገጠ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «እነዚያ እንዲሰጥሙ ነው የተሠሩት፤ ታች ላለ ዓሣ» አልኩት። ትንሿን ስንጥቅም አሳየሁት፤ ያንን ክር መጠባበቂያ ይሁን ብሎ ለየት አደረገው። ያን ጊዜ የተበላሸውን ከአልጋዬ ሥር አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለትና እውነቱን ነገርኩት። አንተ አንሶላ አጣቢ መሆንህንም ጭምር።

«ታዲያ እነዚህን በትክክል ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«እሱው።»

«ያ ያበላሸው?»

«አዎ።»

«አልገባኝም» አለ።

«እኔም» አልኩት።

ተቆጣ፤ ረጅም ነው የተቆጣው፤ ግማሹን ሰማሁ። በመጨረሻ የጥምቀት እንግዶች እስኪሄዱ ልቆይ፣ ከዚያ እንደሚያይ ነገረኝ። እንግዶቹን እጃችሁን ታጠቡ የምላቸውም እኔ ነኝ፤ በምን ቋንቋ እንደምላቸው እንጃ።

«እኔስ ምን ልሁን?» ብለህ አትጠይቀኝ። የእናትህን ሰዎች አዳማ ስሄድ እነግራቸዋለሁ፤ አንሶላ ማጠብ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፣ ያሳፈርከን በሌላው ነው። እነዚያ ሁለት ልጆች ስማቸው ማን ነበር? የሚጠብቃቸው እናት ይኖራቸዋልና ጻፍልኝ።

ኢፋ ትናንት ማታ «ነገ ማለዳ ነው» አላለኝም፤ «አልሄድም»ም አላለኝም። ቦርሳውን በሩ አጠገብ አድርጎ ተኛ። እኔም ያልሰማሁ መስዬ ተኛሁ። ከደላላው ጋር የሚገናኙት አዳማ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ዛሬ ነቅቼ ወደ በሩ ሳላይ ብዙ ቆየሁ።

ሰዓቱ አንድ ተኩል አልፏል። ግድግዳው ሥር፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ተኝቷል። ፀሐይ ፊቱ ላይ መጥታለች።

አልቀሰቀስኩትም።

አክስትህ ዘውድነሽ